የሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴትና የዋግ ቤት

ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ይባላል። የዋግ ሹሞች አስከሬን እዚያ በሣጥን ተገንዞ ይኖራል። በጣና ሐይቅ መካከል ባለችው በዳጋ ደሴት ደግሞ የአጼ ይኩኖ አምላክ፣ የአጼ ዳዊት፣ የአጼ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የአጼ ዘድንግልና የአጼ ፋሲለደስ አስከሬን በእስጢፋኖስ ገዳም ዕቃ ቤት ይጠበቃል። ሰቆጣ ያሉት የዛጉዌ ወራሾች ናቸው። ዳጋ ያሉት ከዛጉዌ ዙፋኑን የወሰደው ንጉሥና የልጅ ልጆቹ ናቸው። ሁለቱ ቤቶች እንዴት እንደተለያዩ የጠየቀ ሰው ግን መልሱን ሰቆጣም ጣናም አያገኘውም። ነገሩ የሚያደርሰው ወሎ፣ ሌላ ሐይቅ ላይ ወዳለ ሌላ የእስጢፋኖስ ደብር ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በተሁለደሬ ወረዳ ይገኛል። ስለዚህ ገዳም ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን በአመዛኙ የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት መነሻ ተደርጎ ነው። ከሰቆጣና ከላስታ ተራሮች ቆሞ ገዳሙን ያየው ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን የዋግ ልጅ ሐይቅ እስጢፋኖስን የራሱን ቤት ታሪክ እንደሚያነብ ሆኖ ሊያነበው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው፦ አያቶቹ ንጉሥነትን ትተው ሹምነትን የያዙበት ዘመን ትረካ የተጻፈውና የተጠበቀው በዚህ ገዳምና ከዚህ ገዳም በወጡ መነኮሳት እጅ ነው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዋግ በተፈጥሮ ሐይቅ የለውም። ዛሬ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል የሚታየው ሰፊ ውሃ በ2009 የተጠናቀቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ያቆረው ነው። የዋግና የላስታ መነኮሳት ከሰው የሚለዩበትን ስፍራ ያገኙት በዐለት፣ በዋሻና በገደል ነበር። በሰሜኑ ምድራችን ደግሞ አምባ የደሴትን ሥራ ሲሠራ ኖሯል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ የሚነገርለት ደብረ ዳሞ ዛሬም በገመድ ካልተወጣ አይደረስበትም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ታሪክም የሚጀምረው ከዚያው ገመድ ነው፤ ገዳሙን ገዳም ያደረጉት ሰው የደብረ ዳሞ ልጅ ናቸውና።

እርግጥ በሐይቅ ደሴት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ከእርሳቸው በፊት ነበረ። የገዳሙ ትውፊት አመሠራረቱን ወደ 9ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ ንጉሥ ድል ነዓድ ዘመን ይወስደዋል። ያኔ ግን የካህናት ደብር እንጂ በመነኮሳት ሥርዓት የሚተዳደር ማኅበር አልነበረም። ያንን የቀየሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ገድላቸው የትውልድ ቦታቸውን ዳህና ይለዋል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን ዳህና በጌምድር ውስጥ ያደርገዋል፤ ዋግም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም የሚጠራ ወረዳ አለው፤ ዋና ከተማውም አምደወርቅ ነው። በወጣትነታቸው ወደ ደብረ ዳሞ ወጥተው በአበ ምኔቱ በአባ ዮሐኒ ሥር መነኮሱ፤ መጻሕፍት መቅዳትንም ተማሩ። በ1248 ወደ ሐይቅ መጥተው እስከ ዕረፍታቸው፣ እስከ 1292 ገደማ፣ ደሴቱን አልለቀቁም። መታሰቢያቸው ኅዳር 26 ቀን ነው።

1248ን ልብ እንበለው። በዚያ ዓመት በሮሃ፣ ማለትም በዛሬው ላሊበላ፣ የነገሠው የዛጉዌ ቤት ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሆኖ የቆመው በዛጉዌ ምድር፣ በዛጉዌ ሰላም ውስጥ ነው። ኋላ የተጻፉ ትረካዎች የዛጉዌን ዘመን ሥልጣን ያለ አግባብ የተያዘበት ዘመን አድርገው ሲያቀርቡት ይህን ነገር ያልፉታል። ቢያንስ ለ22 ዓመታት ያህል የደሴቱ መነኮሳት በአገው ነገሥታት ጥላ ሥር ጸለዩ፣ አስተማሩ፣ ጻፉ።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ያመጡት ትልቁ ነገር ትምህርት ቤቱ ነው። ከዚያ በፊት ከአማራና ከሸዋ በኩል መንኩስናን በደንብ መማር የፈለገ ሰው እስከ ትግራይ ድረስ መሄድ ነበረበት። ሐይቅ መንገዱን አሳጠረው። ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚህ ደሴት ለ10 ዓመት ያህል እንደቆዩ ይነገራል፤ ከዚያ ወደ ደብረ ዳሞ ተሻግረው፣ ወደ ሸዋ ተመልሰው፣ በ1284 ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ ይህም በኋላ በአጼ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ሊባኖስ የተባለው ነው። የዳጋ እስጢፋኖስን ያቀኑት አቡነ ሂሩተ አምላክም የሐይቅ ደቀ መዝሙር ናቸው። ዳጋ የሐይቅን ታቦት ስም፣ የእስጢፋኖስን፣ መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ደሴት ሌላውን ደሴት ወለደ፤ የነገሥታቱ አስከሬን ወደዚያ የሄደውም በዚሁ ዝምድና ነው ማለት ይቻላል።

ደሴት ለትምህርት ለምን ተመቸ? ለብቸኝነት ብቻ ቢሆን በረሃውም ዋሻውም ይበቃ ነበር። ደሴት ግን ብቸኝነትን ከብዙ ሰው ጋር ያስኖራል። ማኅበሩ በአንድ ቦታ ይኖራል፣ ያርሳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ማንም በድንገት አይደርስበትም፤ ብራና ለመፋቅ፣ ቀለም ለመበጥበጥ፣ አንድ መጽሐፍ ላይ ወራት ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ጸጥታ ይገኛል። ደግሞም ሐይቅ እስጢፋኖስ ከትልቁ መንገድ የራቀ አልነበረም። ከትግራይ በላስታ በኩል ወደ አማራና ወደ ሸዋ የሚወርደው የሰውና የንግድ ፍሰት በአቅራቢያው ያልፋል። ከዓለም ሊለይ የሚፈልግ በውሃው ይለያል፤ ዓለም ግን በታንኳ ርቀት ላይ ናት። የገዳሙ ኃይልም ፈተናውም ከዚህ ቅርበት የመነጨ ይመስለኛል።

ከዚያ ዘመን ዛሬ ድረስ በእጃችን ያለ ምስክር አለ። በ1280 ወይም በ1281 አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለእስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት አራቱ ወንጌል አሁንም በገዳሙ ይገኛል። ዘመናቸው በውስጣቸው ከተጻፈ የአገራችን የብራና መጻሕፍት መካከል ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። ከወንጌላውያኑ ሥዕል ጋር የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ የራሳቸው ሥዕል አለበት፤ በሕይወት ሳሉ በራሳቸው መጽሐፍ ላይ የተሣለ የኢትዮጵያዊ መነኩሴ ሥዕል ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው። በባዶ ገጾቹና በኅዳጎቹ ላይ ደግሞ ተከታዮቹ ትውልዶች የገዳሙን ርስት፣ ስጦታውንና አበ ምኔቶቹን መዝግበዋል። ወንጌሉ የጸሎት መጽሐፍ ሆኖ ሳለ የገዳሙ መዝገብ ቤትም ነው። በአገራችን ርስት የሚመዘገበው በወንጌል ላይ ነበር፤ የጻፈውን የሚፍቅ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር እንደሚጣላ ስለሚታመን ከዚህ የጸና ማኅተም አልነበረም። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በ1970 ስለ ሐይቅ አበ ምኔቶች ባወጡት ጥናት ከ1248 እስከ 1535 ያለውን ተራ ያወጡት በአመዛኙ እንዲህ ካሉ ማስታወሻዎች ነው።

አሁን ዋግን ወደሚመለከተው ነገር እንምጣ።

በ1270 ይኩኖ አምላክ ነገሠ። የሐይቅ ወገን የሚለው እንዲህ ነው፦ ይኩኖ አምላክ በልጅነቱ በደሴቱ አድጓል፣ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ተምሯል፤ ዙፋኑን ሲይዝ የአባታችን ጸሎትና ምክር ረድቶታል፤ በምላሹም ለገዳሙ ክብርና ርስት ሰጥቷል። የደብረ ሊባኖስ ወገን ደግሞ ይህንኑ ታሪክ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል፤ በእርሳቸው አማላጅነት የዛጉዌው ንጉሥ መንግሥቱን በሰላም አስረከበ፣ ከአገሩም ሲሶው ለቤተ ክርስቲያን ሆነ ይላል። ሁለቱ ገዳማት በዚህ ለብዙ መቶ ዓመታት ተከራክረዋል። በመንኩስና የትውልድ ሐረግም ማን ለማን ቆብ ጫነ፣ ማን ለማን አስኬማ ሰጠ የሚለው ሙግት የዚሁ ክርክር ሌላ ፊት ነው። ገድሎቹ የተጻፉት ክስተቱ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ እያንዳንዱም የገዳሙን ክብር ለማጽናት ተጽፏል። ይህን ስናገር ገድላቱን ማቃለሌ አይደለም። ገድል የሚጻፈው ቅዱሱን ለማክበር ነው፤ ክብሩ ደግሞ ለማኅበሩ ይተርፋል።

ታደሰ ታምራት በ1972 በታተመው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪካቸው እንዳሳዩት ዙፋኑ የተላለፈው በሰላም ብቻ አልነበረም። ጦርነት ነበረ፤ የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ ይትባረክ ሸሽቶ በጋይንት በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደለ። የሰላማዊው ርክክብ ትረካ የመጣው ኋላ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ላየ ሰው፣ ትረካው ምን ያህል ትልቅ ሥራ እንደሠራ ይገባዋል። ደም የፈሰሰበትን ነገር ወደ ቃል ኪዳን ለወጠው። ቃል ኪዳን ደግሞ ሁለት ወገን አለው፦ ያሸነፈው ዙፋኑን ሲወስድ የተሸነፈው ክብሩን ያዘ።

የዋግ ትውፊት የቆመው በዚህ ቃል ኪዳን ላይ ነው። የዛጉዌ ዘር በዋግ ሹምነቱን በውርስ ይዞ እንዲኖር፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ልዩ መቀመጫ እንዲኖረው፣ ነጋሪት እንዲያስመታ ተፈቀደለት ይላል። ዋግሹም የሚለው ማዕረግ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረው በዚህ መብት ነው። በአገራችን ታሪክ ዙፋን ያጣ ቤት ዘሩ ሳይጠፋ፣ ምድሩን ሳይነጠቅ፣ ያን ያህል መቶ ዓመት ሲቆይ ሌላ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በመነኮሳት ብዕር የተጻፈ ትረካ ለአንድ ሕዝብ ሹማምንት ለ600 ዓመት ከለላ ሆነ ብል ማጋነን አይመስለኝም። የዋግ ሰው ትረካው ዛጉዌን ዝቅ ማድረጉ ቢያስከፋው ይገባዋል፤ ያው ትረካ ግን ቤቱን አቁሞለታል።

ሰቆጣም በዚህ ከለላ ውስጥ አደገች። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚያልፍባት ትልቅ ገበያ ሆነች፤ ኽምጠኛ የሚናገረው የአገው ሕዝብም ቋንቋውን ይዞ ኖረ። በ1868 ዋግሹም ጎበዜ ዳግማዊ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ሲነግሥ የዋግ ቤት እንደገና ወደ ዙፋኑ ደረሰ። አባቱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን አጼ ቴዎድሮስ ገድለውት ነበር። ንግሥናው ግን ሦስት ዓመት ብቻ ሆነ፤ በ1871 ዐድዋ አጠገብ በአሰም ጦርነት በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላው አጼ ዮሐንስ አራተኛ፣ ተሸነፈ።

ወደ ደሴቱ እንመለስ። የሐይቅ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚለውን ማዕረግ ያዘ፤ የጸሎት ሰዓት ጠባቂ እንደ ማለት ነው። በስሙ የጸሎት ቤት ሹመት ቢመስልም በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ከታላላቆቹ ሥልጣናት አንዱ ሆነ። በአጼ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ኢየሱስ ወደ ንጉሡ ሳይከለከሉ ከሚገቡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ንጉሡ ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ በመጋረጃ በሚኖርበት ዘመን መግባት መቻል ራሱ ሥልጣን ነው። ከሰው ለመራቅ ወደ ውሃ መሀል የገባ ማኅበር መሪው በድንኳን ከተማ፣ በንጉሡ ጆሮ አጠገብ ዋለ። ይህ ለገዳሙ ርስትና መጻሕፍት አመጣለት፤ የመንፈስ ነፃነቱን ግን አጠበበው ብዬ አምናለሁ። በአጼ ዐምደ ጽዮን ዘመን ንጉሡን በጋብቻው ጉዳይ ፊት ለፊት ገሥጸው የተገረፉትና የተሰደዱት እንደ ደብረ አስቦ ካሉ ሌሎች ገዳማት የወጡ መነኮሳት ናቸው። ሐይቅ ያኔ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ነበረ።

ይህ ቅርበት እስከ ምን እንደሚወስድ በ1400 ታየ። ቅዳሜ ሰንበት ይከበራል የሚሉት የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታይ መነኮሳት በአጼ ዳዊት ፊት ለጉባኤ ቀረቡ። ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስ ይቃወሟቸዋል፤ የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃንም ከተቃዋሚዎቹ ግንባር ቀደም ነበሩ። የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስና ባልንጀሮቻቸው አንለውጥም ስላሉ ታሰሩ፤ ፊልጶስ በሐይቅ ደሴት በዐቃቤ ሰዓቱ ጥበቃ ሥር ዋሉ። ንጉሡ በ1404 አስፈታቸው፤ ሰንበትንም በገዳሞቻቸው እንዲያከብሩ ፈቀደ። በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ደግሞ አጼ ዘርዐ ያዕቆብ የሁለቱን ሰንበት መከበር ለመላው ቤተ ክርስቲያን አጸና። ያሳሰሩት ተረሱ፣ የታሰሩት ሰዎች ትምህርት ጸና። ይህን ታሪክ ሐይቅን የሚወድ ሰው ሊሸሽገው አይገባም።

ደሴት ገዳም ጸሎት ቤትም እስር ቤትም መሆኑ በሌላው ዓለምም ታይቷል። በሩሲያ ሰሜን፣ በነጭ ባሕር ላይ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተው የሶሎቬትስኪ ገዳም የነገሥታቱ ማሰሪያ ሆኖ ኖሮ ከ1923 ጀምሮ የሶቪየት መንግሥት ካምፕ ሆነ። ውሃ የሚጠብቀውን አይመርጥም፤ ሊጸልይ የመጣውንም፣ ተይዞ የመጣውንም እኩል ይከብባል።

በዚያው በሠረቀ ብርሃን ዘመን ግን ደሴቱ ከልጆቹ ሁሉ በብዕር የላቀውን አሳደገ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በሐይቅ ተማሪ ነበሩ። ትውፊቱ በመጀመሪያ ትምህርት እንዳልገባቸው፣ በማኅበሩ እህል እየፈጩ ያገለግሉ እንደነበር፣ በእመቤታችን አማላጅነት አእምሯቸው እንደተከፈተ ይናገራል። በኋላ ሰዓታትን ደረሱ፣ አርጋኖን በስማቸው ይጠራል፣ መጽሐፈ ምሥጢርን በ1424 ፈጸሙ። በሌሊት ሰዓታት በሚቆምባቸው አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፣ ሰቆጣን ጨምሮ፣ የሚሰማው የእርሳቸው ድካም ነው። ከዐቃቤያነ ሰዓቱ የቤተ መንግሥት ኃይል ዛሬ የቀረ የለም፤ እህል ይፈጭ የነበረው ተማሪ የደረሰው ጸሎት ግን በየሌሊቱ ይደገማል። የትኛው ሐይቅን ሐይቅ እንዳደረገ ለእኔ ግልጽ ነው።

ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደሴቱን በጽሑፉ አንሥቷል። የእስጢፋኖስ ገዳም ብዙ መነኮሳት እንዳሉት፣ ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ እንደሚበቅልበት፣ ሰዎች ከደንገል በተሠራና በቅል በሚደገፍ ታንኳ እንደሚሻገሩ ጽፏል። የአትክልቱ ወሬ ቀላል መስሎ እንዳይታለፍ። ማኅበሩ በሰላም ብዙ ዘመን መኖሩን፣ ተክሎ እስኪያፈራ የሚጠብቅ መሆኑን ያሳያል። ዐቃቤ ሰዓቱንም ከንጉሡ ቀጥሎ ካሉት ታላላቅ ሰዎች ይቆጥረዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ሐይቅ ዳር ደረሰ። በ1530ዎቹ መጀመሪያ የሆነውን ፉቱሕ አል ሐበሻ በተባለው መጽሐፍ የጻፈው ከኢማሙ ወገን የነበረው ዐረብ ፈቂህ ነው። ሠራዊቱ ውሃውን ለመሻገር መላ መፈለግ ነበረበት፤ በመጨረሻ መነኮሳቱ ተስማምተው የገዳሙን ወርቅና ሀብት አስረከቡ። ነገሥታት ለ260 ዓመት ያከማቹት ስጦታ በዚያ ሄደ። በ793 የእንግሊዝን የሊንዲስፋርን ደሴት ገዳም የባሕር ወራሪዎች ሲዘርፉት የሆነውም ይኸው ነው፤ ደሴት የተደበቀ ሀብት አለበት ብሎ የማያስብ ወራሪ የለም። ለሐይቅ ግን የቀረለት ነገር አለ። የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ተርፏል። ወርቅ የለበሰው ሄዶ ቀለም የነካው ቀረ። ማን፣ የት፣ እንዴት እንደሰወረው የሚነግረን ጽሑፍ ባይኖርም፣ ያንን ብራና በእጁ ይዞ የጠበቀ መነኩሴ ለአገሩ ከብዙ ጦር አዛዥ የበለጠ ሠርቷል።

ከዚያ በኋላ ገዳሙ የቀድሞ ሥልጣኑን አላገኘም። የነገሥታቱ መቀመጫ ወደ ጣና አካባቢና ወደ ጎንደር ሲያዘነብል ከመነኮሳት ሁሉ በላይ የሆነው የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ሆነ። ዐቃቤ ሰዓት የሚለው ስም በቤተ መንግሥት ማዕረግነት ቢቆይም ደሴቱ ከኃይሉ ተለየ። በዙሪያው ያለው የወሎ ሕዝብም አብዛኛው እስልምናን ተቀበለ። ገዳሙ ግን በሙስሊም ጎረቤቶቹ መካከል ጸሎቱን ሳያቋርጥ እስከ ዛሬ አለ፤ ለወንዶች ብቻ የሆነውን ሥርዓቱንም ጠብቋል። ስለ ሐይቅ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዘመን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ የማኅበሩን ጽናት የማየው በዚህ ውስጥ ነው፦ ንጉሥ በማይመጣበት፣ ወርቅ በማይሰጥበት ጊዜም ደወሉ አልተቋረጠም።

ዛሬ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት አይደለም። የውሃው ከፍታ ወርዶ ስፍራው ከምዕራቡ ዳርቻ ጋር ተያይዟል፤ ወደ ገዳሙ በእግር ይገባል። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ ከአርድቦ ሐይቅ በአንከርከሃ ወንዝ በኩል የሚመጣው ውሃና የዝናቡ መጠን ሲቀንሱ የሚካካስበት መንገድ የለም። ከተራሮቹ የሚታጠበው አፈርም የሚያርፈው እዚያው ነው። ይህን ማንሣቴ ስለ ገዳሙ ብቻ ተጨንቄ አይደለም፤ ዓሣ የሚያጠምደው፣ በመስኖ የሚያለማው፣ ከብቱን የሚያጠጣው የተሁለደሬ ገበሬ ኑሮ ያለው በዚሁ ውሃ ላይ ነው። የተራሮቹ ጥበቃ የወረዳው፣ የገበሬውና የገዳሙ የጋራ ሥራ ሊሆን ይገባል።

ስለ መጻሕፍቱ ግን የተሠራ መልካም ሥራ አለ። በ1970ዎቹ የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት የኢየሱስ ሞዐን ወንጌል ከሌሎች በሺዎች ከሚቆጠሩ መጻሕፍት ጋር ቀርጾታል፤ በፕሮጀክቱ ዝርዝር 1832 ቁጥር ይዟል። ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀምጧል። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት እነዚህን መጻሕፍት አንብቦ ለመዘርዘር ነበር። ከፕሮጀክቱም በፊት ታደሰ ታምራት የሐይቅን አበ ምኔቶች ተራ ማውጣት የቻሉት በአመዛኙ በወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስለተቻለ ነው።

ከሰቆጣ እስከ ተከዜ ሸለቆ ባሉ የዋግ አብያተ ክርስቲያናትም የስጦታና የርስት ማስታወሻ በወንጌል ላይ የመጻፍ ልማድ ነበረ። የዋግሹሞችን ቃል ኪዳን እስካሁን የምንሰማው በአመዛኙ ከደብረ ሊባኖስና ከሐይቅ ወገን ነው። የዋግ ወገን ምን ብሎ እንደጻፈው ለማየት የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ገጽ በገጽ መቀረጽና መነበብ አለባቸው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ካሜራ፣ የደብሩ አለቆች ፈቃድ፣ ግእዝና ኽምጠኛ የሚያውቁ ጥቂት ወጣቶችና መጽሐፉ ከደብሩ ሳይወጣ የሚሠራበት ሥርዓት ይበቃል። ጦርነት በሰሜኑ ምድር ስንት ቅርስ ሊያጠፋ እንደሚችል ካየን በኋላ ይህን ለሌላ ዓመት ማሳደር አይገባም።